«ተመለሰበት» ከማለታችን በፊት

በአገራችን ሰው ታሞ የተኛ እንደሆነ ከሐኪሙ ቃል የጎረቤቱ ቃል ይቀድማል። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ድረስ በሽተኛውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይመለከትና አንድ ስም ያወጣለታል። ብርድ ነው ይላል አንዱ፤ ምች ነው ይላል ሌላው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብላ ታማትባለች። እነዚህ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ጉዳት የላቸውም፤ በዳማ ከሴና በትኩስ ሾርባ ይሸኛሉ። በዚህ ዘመን ግን ከነዚህ ሁሉ የከፋ አንድ ቃል በየቤታችን ገብቷል። እሱም «ተመለሰበት» የሚለው ነው።

ይህ ቃል የሚነገረው በነቀርሳ ታሞ ለታከመ ሰው ነው። ሰውየው ኦፕራሲዮን ሆኖ፣ ቁስሉ ሽሮ፣ ወደ ሥራው ወይም ወደ ደጁ ፀሐይ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ወገቤን ወይም ጭኔን አመመኝ ያለ እንደሆነ፣ ጠያቂው እርስ በርሱ ተያይቶ ራሱን ይነቀንቅና «ተመለሰበት» ይላል። ከዚያ ወዲያ ምርመራው ይቆማል። ለሐኪም ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ይቀመጥ የሚል ምክር በሹክሹክታ ይጀመራል። በሽተኛውም ከሰው ፊት ላይ ፍርዱን ያነብና ዝም ይላል። ቃሉ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሐሰት ሆኖ ሊድን የሚችለውን ሰው ከአልጋው የሚያስቀርበት ጊዜም አለ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

የቋንቋችንም ጠባይ ለዚህ መምታታት ጥቂት ሳያግዝ አልቀረም። «ነቀርሳ» የምንለው ቃል ለሁለት ጌታ የሚያገለግል ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ያልን እንደሆነ ቲቢን፣ ማለት በተሕዋስ የሚመጣውንና በወራት መድኃኒት የሚድነውን በሽታ መናገራችን ነው። ነቀርሳ ብለን ብቻ የተውነው እንደሆነ ደግሞ ካንሰርን፣ ማለት የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ የሚባዙበትን በሽታ መናገራችን ነው። አንዱ ከውጭ የገባ ጠላት ነው፤ ሌላው ከቤት የተነሣ ሽፍታ ነው። መድኃኒታቸውም፣ መጨረሻቸውም የተለያየ ነው። ለሁለቱ አንድ ስም ለሰጠ ሕዝብ፣ ከውጭ የገባው ተሕዋስና ከቤት የተነሣው ሽፍታ በአንድ አጥንት ላይ ቢምታቱበት የሚያስደንቅ አይደለም። ሁለቱ በእርግጥ የሚምታቱበት አጥንት ግን አለ፤ እኔም ያወቅሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በቤታችን ነው።

ቤታችን በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር ላይ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ ነው ይላሉ። ጣቢያው የጥንት ነገር ሆኗል፤ ጠባዩ ግን ለሰፈሩ ሰው ወርሶታል። ጠዋት በአንዱ ቤት የተነገረ ነገር ያለ ሽቦ ተጉዞ ማታ በወዲያኛው መንደር ይሰማል። ያሳደጉኝ አጎቴ መታመማቸውም የተሰማው እንደዚሁ ነው።

አጎቴን እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ኖረው፣ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዙረው ጥቂት ዓመት ሠሩና ጡረታ ወጡ። የአፋርን ሐሩር የቻለ ሰው ሕመምን አይፈራም ይሆናል፤ ስለ ሕመም መናገርን ግን ይፈራል። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሡ፣ ቆመው ብዙ ይጠብቁ እንደነበረ ለአንድ ዓመት ያህል ለማንም አልተነፈሱም። ነገሩ የተገለጠው ሽንቱ ጭራሹን በተያዘባቸው ሌሊት ነው። ምርመራው ተደረገ፤ ከዕጢው ናሙና ተወሰደ፤ የፕሮስቴት ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ ከዕጢው አካባቢ ርቆ አልሄደም ነበር።

ፕሮስቴት ምን እንደሆነ ሳልገልጽ ወደ ፊት ብሄድ አስተማሪነቴ ይታዘበኛል። እኔ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። የወንድ አካል ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሙሉ ሳቁን በደብተሩ ይሸፍናል፤ የኋላ መደዳ የተቀመጡት ልጆች ደግሞ ያን ቀን ብቻ ትምህርት ይከታተላሉ። ሳቃቸውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የሚስቁበት ሥዕል የአባቶቻቸው ሥዕል መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ፕሮስቴት ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ፣ ከሽንት ፊኛ ሥር የተቀመጠ፣ ለወንድ ዘር ማጓጓዣ የሚሆነውን ፈሳሽ የሚያመነጭ ዕጢ ነው። የሽንት ቧንቧ በመካከሉ ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ዕጢው በእርጅና ምክንያት ሲያድግ ቧንቧውን ይጫንና ሽንት ያስቸግራል። ያደገ ዕጢ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙው አይደለም። ነቀርሳውና ተራው እድገት በናሙና ካልተለዩ በቀር በሕመሙ ጠባይ ብቻ አይለዩም።

አሁን ደግሞ እጃችሁን ከእምብርታችሁ ቀጥታ ወደ ታች ብታወርዱ አንድ ጠንካራ አጥንት ያቆማችኋል። ይህ አጥንት አንድ መስሎ ቢታይም ከግራና ከቀኝ የመጡ ሁለት አጥንቶች በልም አጥንት የተጋጠሙበት ቦታ ነው። ከበስተ ኋላው ፊኛው አለ፤ ከፊኛው ሥር ፕሮስቴት አለ። ሐኪሞች ነቀርሳ የያዘውን ፕሮስቴት በሙሉ ሲያወጡ፣ ፊኛውን ወደ ታች ስበው ከቀረው የሽንት ቧንቧ ጋር ይሰፉታል። ስፌቱ የሚያርፈው እንግዲህ ከዚያ አጥንት ጀርባ ነው ማለት ነው። አጥንቱና ስፌቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አጥሩም ቀጭን ነው። ይህን ጉርብትና አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነውና።

ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ባለ ጊዜ አጎቴ ያሉት ነገር ከጆሮዬ አይጠፋም። «ጃንሆይን የገደላቸው እሱ አይደለም እንዴ?» አሉ። ሐኪሙ ወጣት ስለነበረ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። እኔም የተወለድሁት ከዚያ ዘመን ብዙ ቆይቼ ነው። አጎቴ ግን በዚያ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የመኪና ረዳት ሆነው ዜናውን በራዲዮ የሰሙ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የደርግ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ማረፋቸውን በማግሥቱ ሲያስታውቅ፣ ምክንያቱ ከፕሮስቴት ምርመራና ኦፕራሲዮን በኋላ በተፈጠረ ችግር መተንፈስ ስለተሳናቸው ነው አለ። ሐኪማቸው የነበሩት፣ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት የተማሩት ዝነኛው ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ኦፕራሲዮኑ ያስከተለው እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም ብለው የተሰጠውን ምክንያት ሳይቀበሉት ቀሩ። የንጉሠ ነገሥቱ አፅም በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ፖለቲካ ለመጻፍ አይደለም። አንድ የሚያስተምረን ነገር ስላለበት ነው። «ኦፕራሲዮን ያስከተለው ችግር» የሚለው አነጋገር እንደ ጆንያ ያለ ነው፤ የፈለጉትን ያስገቡበታል። ጆንያውን ፈትቶ፣ ችግሩ ምን ዓይነት ነው? በየትኛው የሰውነት ክፍል ነው? በየትኛው ምርመራ ታወቀ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ ሐሰቱም እውነቱም በአንድ ስም ታስሮ ይኖራል። በንጉሡ ጊዜ ጆንያውን ለመፍታት የሞከሩት ሐኪማቸው ነበሩ። በየቤታችን በሚደርሰው ጉዳይ ግን የመፍታቱ ሥራ የበሽተኛው ልጅ፣ የወንድሙ ልጅ፣ የእኅቱ ልጅ ድርሻ ነው።

አጎቴ በብዙ ልመና እሺ ብለው ኦፕራሲዮኑ ተደረገላቸው። ደህና ሆነ። ከዚያ በኋላ ቀርቶ ሊሆን የሚችለውን ነቀርሳ ለማጥፋት የጨረር ሕክምና ወሰዱ። ጥቂት ወራት እንዳለፈ፣ ስፌቱ ያለበት ቦታ ጠባሳ ሠርቶ ስለጠበበ በቧንቧው ውስጥ በገባ መሣሪያ ተከፍቶ ሰፋ። ይህ ሁሉ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ከዚህ በኋላ ግን አንድ አዲስ ሕመም መጣ። በመጀመሪያ ብሽሽታቸውን ጠዘጠዛቸው። ቀጥሎ ሕመሙ ወደ ሁለቱ ጭኖቻቸው የውስጥ ወገን ወረደ። በመጨረሻ ሲራመዱ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ እንደ ዳክዬ ግራና ቀኝ እያሉ ሆነ። ከሚኒባስ ለመውረድ አንዱን እግር ሲያስቀድሙ ፊታቸው ይገረጣል። ማታ ማታ ትኩሳት ቢጤ ይነካካቸዋል። ሰውነታቸውም ከሳ።

የንፋስ ስልክ ወሬ ሥራውን ሠራ። «ተመለሰበት» ተባለ። የፕሮስቴት ነቀርሳ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አጥንት መሄድ የሚወድ በሽታ መሆኑን በሰፈራችን የማያውቅ አልነበረም፤ ይህም እውነት ነው፤ የጀርባና የዳሌ አጥንት ዋና መሸጋገሪያዎቹ ናቸው። ስለዚህ ፍርዱ ያለ ምክንያት የተሰጠ አልነበረም። የጎደለው ምርመራ ነው። አጎቴ ራሳቸው ፍርዱን ተቀብለው የመኪና ዕቃዎቻቸውን ለማን እንደሚሰጡ ማከፋፈል ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ማታ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ዋናውን ክሪክና የጎማ መፍቻውን ለአንተ ነው ያሰብሁት» አሉኝ። እኔ መኪና የለኝም፤ በአስተማሪ ደሞዝም ቶሎ የሚኖረኝ አይመስለኝም። ስጦታው መኪና ለሌለው ሰው የተሰጠ ክሪክ መሆኑን ሳስብ ልስቅ ፈለግሁ፤ የተሰጠበትን ምክንያት ሳስብ ግን አልቻልሁም። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ወደ ሐኪም ይዣቸው ሄድሁ።

ያየቻቸው ሐኪም ሴት ነበረች፤ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ወረቀቶቹን ሁሉ ከፌስታል አውጥታ በየቀናቸው ደረደረቻቸው። ከዚያ አልጋ ላይ አስተኝታ ያንን አጥንት በሁለት ጣቷ ጫን ስታደርገው አጎቴ ጮኹ። ቀጥላ ጉልበቶቻቸውን በእጆቿ መካከል ይዛ፣ «አባቴ፣ እስቲ እጄን በጉልበትዎ ይጭመቁት» አለቻቸው። አልቻሉም። ጭንን ወደ ውስጥ የሚስቡት ጡንቻዎች ሥራቸው የሚተከለው በዚያ አጥንት ላይ ስለሆነ፣ አጥንቱ የታመመ እንደሆነ መጭመቁ ያማል።

«ምን ይመስልዎታል ሕመሙ?» አለቻቸው።

«ሻንሲው ነው ልጄ» አሉ አጎቴ። «የተበላሸውን ዕቃ ከሞተሩ አወጣችሁልኝ፤ እግዜር ይስጣችሁ። አሁን የሚንቋቋው ሻንሲው ነው።»

ሐኪሟ ሳቀችና «እንግዲያው ሻንሲውን እንየዋ» አለች። ወደ እኔ ዘወር ብላም እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። «ነቀርሳው ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኢንፌክሽን ደግሞ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በራጅ ላይ መጀመሪያ ምንም ላያሳዩ ይችላሉ፤ በኋላም አጥንቱን በልተው ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ በዓይን አንፈርድም።»

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር ቅደም ተከተሉ ትምህርት ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ደም ተወሰደና ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ተለካ። ይህ ንጥረ ነገር የሚመነጨው ከፕሮስቴት ነው፤ በአሜሪካ ለነቀርሳው መከታተያ እንዲሆን የተፈቀደው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ነው። ዕጢው በሙሉ ለወጣለት ሰው ልኬቱ ከምንም የማይቆጠር መሆን አለበት፤ ከፍ እያለ የሄደ እንደሆነ ነቀርሳው የሆነ ቦታ እንዳለ ያስጠረጥራል። የአጎቴ ልኬት ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚያመለክተው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ነበር። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፒ.ኤስ.ኤ. ሳይጨምር የሚዛመት ነቀርሳ አልፎ አልፎ አለና። ነገር ግን ሚዛኑ አዘነበለ።

ቀጥሎ ኤም.አር.አይ. የሚባለው ምርመራ ተደረገ። አጥንቱ ከግራም ከቀኝም በውስጡ ተቆጥቶ፣ በመጋጠሚያው ላይ መግል ተጠራቅሞ፣ ከስፌቱ ቦታ ወደ አጥንቱ የሚወስድ ቀጭን መንገድ ታየ። ያ ጎረቤት አጥር ተበስቶ ነበር። ጨረር ያረፈበት ሥጋ የደም ሥሩ ስለሚሳሳ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ የጠበበው ቦታ ከተከፈተ በኋላ ያ የሳሳ ሥጋ ተሸንቁሮ ሽንት ጠብ ጠብ እያለ ወደ አጥንቱ ይደርስ ነበር። ሽንቱ ተሕዋስ የያዘ እንደሆነ አጥንቱም ተሕዋስ ይይዛል።

በመጨረሻ ሁሉን የሚቆርጠው ምርመራ መጣ፤ በመርፌ ከአጥንቱ ናሙና ተወሰደ። ናሙናው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ክፍል የነቀርሳ ሕዋስ እንዳለበት እንዲታይ፣ ሌላው ክፍል ተሕዋስ እንዲበቅልበት ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ሐኪሟ ከዚህ በፊት ከየፋርማሲው የተገዛ ክኒን ወስደው እንደሆነ አጥብቃ ጠየቀቻቸው። ፀረ ተሕዋስ ክኒን ሳያውቁ ጀምሮ ማቋረጥ ተሕዋሱን ሳይገድል ከምርመራው ይሰውረዋልና ነው። ውጤቱ ሲመጣ የነቀርሳ ሕዋስ አልተገኘም። የበቀለው ፕሴውዶሞናስ የሚባለው፣ እርጥበት የሚወድና ብዙዎቹን የተለመዱ ክኒኖች የማይፈራ ተሕዋስ ነበር። «ሰፈሩ በሙሉ የፈረደበት ነቀርሳ የለም» አለችኝ ሐኪሟ።

እንዲህ ያለው የአጥንት ምርቀዛ በፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ከሚያልፉት ሰዎች ጥቂቶችን ብቻ የሚያገኝ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ኦፕራሲዮኑን እንዲፈራ አልጽፍም። አዲስ ነገርም አይደለም። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረ ኤድዊን ቢር የሚባል ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1924፣ ከእምብርት በታች ተቀደው የፊኛና የፕሮስቴት ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ በዚያ አጥንት ላይ ሕመም እንደሚነሣባቸው ጽፏል። በ1945 ቴሬንስ ሚሊን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ፊኛውን ሳይከፍት በቀጥታ ከአጥንቱ ጀርባ ገብቶ ፕሮስቴትን የማውጣትን ዘዴ አሳወቀ። ዘዴው ብዙ ሰው አድኗል፤ የቀዶ ሐኪሙንም ቢላዋ የዚያ አጥንት ጎረቤት አድርጎታል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ሁለት ነገር ለይተዋል። አንደኛው ተሕዋስ የሌለበት የአጥንቱ መቆጣት ነው። ይህ ኳስ ተጫዋቾችንና ሯጮችንም ያገኛቸዋል፤ በዕረፍትና ሕመም በሚያስታግስ መድኃኒት ቀስ እያለ ይሻላል። ሁለተኛው ተሕዋስ የገባበት ምርቀዛ ነው፤ ይህ በዕረፍት አይድንም። ሁለቱ በጅምራቸው አንድ ይመስላሉ። ለመጀመሪያው የሚሰጠው፣ መቆጣትን የሚያበርደው የስቴሮይድ መርፌ ለሁለተኛው ቢሰጥ ግን የሰውነትን ዘብ አስተኝቶ ለተሕዋሱ በር መክፈት ይሆናል። ስለዚህ ናሙና መውሰዱ ቅንጦት አይደለም።

አጥንት ደግሞ ለመድኃኒት የማይመች አገር ነው። ሥጋ ላይ ያለ ምርቀዛ በሳምንት ሲጠፋ፣ አጥንት ላይ ያለው ግን ደም በማይደርስበት በሞተ ስባሪ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ሕክምናው ረዥም ነው። አጎቴ መጀመሪያ ሽንታቸው ቀዳዳውን ሳይነካ እንዲወጣ ቱቦ ገባላቸው። ከዚያ በኦፕራሲዮን የሞተው አጥንት ተጠርጎ ወጣ፣ ቀዳዳውም ተደፈነ። በላቦራቶሪ የተመረጠው ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ለስድስት ሳምንት በደም ሥር ተሰጣቸው። እኔ ከክፍል ወጥቼ፣ የተማሪ ፈተና በብብቴ ይዤ፣ በአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አርም ነበር። አጎቴ ስለ ውጤቱ ይጠይቁኛል። አንድ ልጅ ከመቶ ዐሥራ አንድ ማግኘቱን ስነግራቸው፣ «እሱም ሻንሲው ሳይሆን አይቀርም» አሉ። መዳናቸውን ያመንሁት ያን ቀን ነው።

እንደ ዱሮው ሆኑ አልልም። ከዘራ ይይዛሉ፤ ደረጃ ሲወጡ ያርፋሉ፤ ሽንታቸው አንዳንድ ጊዜ ያመልጣቸዋል፤ የነቀርሳውም ክትትል በየጊዜው ይቀጥላል። ነገር ግን ከሞት ፍርድ ወደ ከዘራ መውረድ ትልቅ ምሕረት ነው። ክሪኩንም መልሼላቸዋለሁ።

የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የፕሮስቴት ነቀርሳ እንዳለባቸው የታወቀው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 ነው። ያረፉት በ2021፣ በዘጠና ዓመታቸው ነው። በመካከሉ ሃያ አራት ዓመት አለ። በ2015 ደጋግመው ሆስፒታል ሲገቡ ብዙ ሰው መጨረሻቸው ደረሰ ብሎ ነበር፤ ያስገባቸው ግን አልለቅ ያላቸው ኢንፌክሽን ነበር፤ ታክመው ወጡ። እሳቸው ስለ በሽታቸው በአደባባይ መናገርን ነውር አላደረጉትም። በዚህም ለብዙ አፍሪካዊ ወንድ አፍ ሆነዋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ይህን መጽሔት በቤተ መጻሕፍት ተራ ጠብቃችሁ ወደምታነቡት ተማሪዎች፣ በመሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት ወደምትቀባበሉት ወጣት ሠራተኞች። አባቶቻችሁ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ታመው ሲመጡ መናኸሪያ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። ካርድ የምታወጡት፣ የሐኪሙን ቋንቋ ወደ አባታችሁ፣ የአባታችሁን ዝምታ ወደ ሐኪሙ የምትተረጉሙት እናንተ ናችሁ። አባታችሁ በልጅ ፊት ስለ ሽንትና ስለ ብሽሽት መናገር ያፍራሉ። እናንተም መጠየቅ ታፍራላችሁ። በሁለት እፍረት መካከል በሽታው ያለ ከልካይ ይሠራል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥቂት ነገር አደራ ልበላችሁ። ኦፕራሲዮኑ መቼ እንደተደረገ፣ ምን እንደወጣ፣ ናሙናው ምን እንዳሳየ፣ ጨረር ተሰጥቶ እንደሆነ፣ የፒ.ኤስ.ኤ. ልኬቱ በየጊዜው ስንት እንደነበረ የሚገልጹትን ወረቀቶች አትጣሉ። የወሰዷቸውን ክኒኖች ስም በደብተር ጻፉ። ከፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ብሽሽትን ወይም የጭን ውስጥን የሚያም፣ አረማመድን የሚለውጥ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ያለበት፣ ሽንትን የሚያደፈርስ ሕመም ከተነሣ ቀን ሳትቆጥሩ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ጸበል የሚወስዷቸውንም አትጣሉ፤ መድኃኒቱም እንዳይቋረጥ እናንተ ጠብቁ። ሐኪሙንም በትሕትና፣ ግን ሳትፈሩ፣ «ይህ ነቀርሳው ነው ወይስ ኢንፌክሽን? በምን ይለያል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደህና ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

አዎን፣ መልሱ አንዳንድ ጊዜ ነቀርሳው ነው ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን በእርግጥ ማወቅ ከመገመት ይሻላል፤ ለእሱም ማስታገሻና ዕድሜ ማራዘሚያ ሕክምና አለውና። ነገር ግን መርፌው አጥንቱን ሳይነካ፣ ላቦራቶሪው ሳይናገር፣ ቡና እየጠጣን «ተመለሰበት» የምንል ከሆነ ያለ ምስክር የምንፈርድ ዳኞች መሆናችን ነው። የሚፈረድበት ሰው ደግሞ በአልጋው ላይ ሆኖ ይሰማናል።